የማዶ ሰዎች ዝምታ

ሁለት ጊዜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ከሠራዊቱ በብርጋዴር ጄኔራልነት፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሰቆጣ፣ በዞኑ የእርዳታ እህልን ሥራ ከሚመራው ጽሕፈት ቤት። በመጀመሪያው ሽኝቴ ሰልፍ ነበረ፣ የሙዚቃ ባንድ ነበረ፣ አንድ የማላውቀው ሻምበል ስለ ጀግንነቴ ሩብ ሰዓት ሙሉ አነበበ። ካነበበው ግማሹ የእኔ ታሪክ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ፋይል ተደባልቆበት ይመስለኛል። ምርቃት አይመለስምና ዝም ብዬ ተቀበልኩት። በሁለተኛው ሽኝቴ ሁለት ፍየል ታረደ፣ ጠላ ተጠጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ተነሥቶ «ጄኔራል የመጡ ሰሞን እንፈራቸው ነበር፤ አሁን ሲሳሳቱ እንነግራቸዋለን» ብሎ ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ነው። እኔን ግን ከሻምበሉ ሩብ ሰዓት ይልቅ የዘበኛው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆዴን አባባችው።

ይህን እንድጽፍ ያስነሣኝ አንድ ኮሎኔል ነው። ድሮ በእኔ ሥር የነበረ፣ ጎበዝ መኮንን ነው። ባለፈው ሰሞን ለሲቪል ሹመት ታጭቶ ምክር ሊጠይቅ ቤቴ መጣ። «ጄኔራል፣ ከሠራዊት ወደ ሲቪል ሲገቡ የከበደዎት ምን ነበር?» አለኝ። ሰዓት አለማክበራቸው አልኩት፤ ተሳሳቅን፤ ምሳ በልቶ ሄደ። ከሄደ በኋላ ግን ልጁን እንደ ዋሸሁት ገባኝ። እውነተኛው መልስ ረጅም ነው፤ ወንዝ አለበት፣ የሞተ ሰው አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት እዚያው ሰቆጣ ነው። እናቴ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነበረችና ከእህቶቿ ጋር ስትገናኝ በአገሩ የአገው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ታወጋለች፤ ለእኛ ለልጆቿ ግን ተምረን ሰው እንድንሆንላት ብላ አማርኛ ብቻ ነበር የምትናገረን። ስለዚህ ከኽምጥኛ እኔ ዘንድ የቀረው ሰላምታና ስድብ ነው። ጢሜ ሳይበቅል በረሃ ገባሁ። ስወጣ ጢሜም በቅሏል፣ ትከሻዬም ላይ የጥይት ጠባሳ ነበረ። ከዚያ በኋላ መደበኛ ሠራዊት ሲደራጅ ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ሻለቃ መራሁ፣ ክፍለ ጦር ውስጥ በዘመቻ መምሪያ ሠራሁ። ምሥራቅም ሰሜንም ኖሬያለሁ። የዚያን ዘመን ብዙውን እዚህ አላነሣውም፤ የሚያነሡት ሌሎች ሞልተዋል።

አንድ ነገር ግን ልናገር። በዘመቻ መምሪያ አለቃዬ የነበረ ኮሎኔል ካርታ አስተማረኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የቁመት መስመሮቹን እየቆጠርኩ ገደሉ ስንት ሰው ጎን ለጎን እንደሚያሳልፍ፣ ክር በካርታው ላይ እያጠማዘዝኩ አንድ ሻለቃ ጓዙን ተሸክሞ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ማስላት ቻልኩ። ኮሎኔሉ «ካርታ የማያነብ አዛዥ በሰው ነፍስ ቁማር ይጫወታል» ይል ነበር። ትእዛዝ ሰጥቶ ሲጨርስ ደግሞ «ጥያቄ?» ይላል። ማንም ካልተናገረ ሁሉም ገብቶታል ማለት ነው፤ ሰዓት ተናበን እንበተናለን። እኔም በተራዬ ለዓመታት «ጥያቄ?» ስል ኖርኩ። ዝምታን እንደ ፊርማ መቁጠር የለመድኩት በዚህ ዓይነት ነው።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ወደ ትውልድ አገሬ በኃላፊነት ተመደብኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰቆጣ ያኔ መንገዷ አቧራ፣ ስልኳ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን የሚያኮርፍ ከተማ ነበረች። ግን የድንጋይ ቤቶቿ፣ በገበያ ቀን ከየቆላው የሚወጣው ፍየልና ማር፣ በነሐሴ ሻደይ ሲደርስ ወገባቸውን በለምለም ቅጠል የሚያስሩት ልጃገረዶች፣ ሁሉም እንደ ተውኳቸው ጠበቁኝ። ደመወዙ ከጄኔራል ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ወረቀቱ ደግሞ ከሠራዊት ወረቀት ይብሳል፤ አንድ ጆንያ እህል ከመጋዘን ለመውጣት አምስት ፊርማ ይፈልጋል። ይህን አልፌ ወደ ሰውዬው ልግባ።

ሰውዬው አቶ ሲሳይ ይባላሉ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ከዘበኛ እስከ አለቃ ጋሽ ሲሳይ ነው የሚላቸው። በንጉሡ ዘመን የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆነው ተቀጥረው፣ ሁለት መንግሥት ሲያልፍ እሳቸው ሳያልፉ የቆዩ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። በወረቀት የእኔ ምክትል ነበሩ። በሥራ ግን አስተማሪዬ እሳቸው ናቸው፤ ያንን ለመቀበል ግን ዓመት ፈጀብኝ።

እህል የጫነ መኪና ሲመጣ ጋሽ ሲሳይ ሰነዱን አይጠይቁም። እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትተው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ይሰዳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። እህሉ መሐሉ ላይ የሚሞቅ ከሆነ እርጥበት ገብቶታል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል። ከዚያ ጭብጥ አውጥተው ያሸታሉ፣ ሁለት ፍሬ ጥርሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ «ይራገፍ» ወይም «ይሰጣ» ይላሉ። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም። በመጋዘን ወለል ላይ የፈሰሰ እህል ተጠርጎ ሳይነሣ በር አያስቆልፉም። ቀበሌ ሲወርዱ መኪናውን ከመንደሩ ርቆ ያስቆሙና የቀረውን በእግራቸው ይሄዳሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው በመኪና የመጣ ሰው ቶሎ እንደሚሄድ ያስታውቃል፤ ቶሎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ማንም የልቡን አይነግረውም አሉኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላው ልማዳቸው ነበር። ስብሰባ ካለቀ በኋላ አይነሡም። ሁሉም ሲበተን እሳቸው አንዴ የጫማቸውን ክር ይፈታሉ፣ አንዴ ጓዝ የምትሸከምልንን በቅሎ መቀነቻ ያጠብቃሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ይቆረጥማሉ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሾፌሩን ጥሩምባ አስነፋለሁ። ጋሽ ሲሳይ ግን እጃቸውን አንሥተው «ትንሽ፣ ትንሽ፤ ስብሰባው ገና አሁን መጀመሩ ነው» ይላሉ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ለባለቤቴ እያወራሁ እስቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ ዝናቡ ቀረ። ዝቋላ ወረዳ ላይ ማሽላው በአገዳው ቆሞ ደረቀ። ፍየሎች ከስተው ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተለጠፈ። ከወረዳው ቀበሌዎች አንዱ ከአንድ ወንዝ ባሻገር ነው፤ በጽሕፈት ቤታችን አጠራር «ማዶ» ነው የምንለው። ለማዶ ሰዎች እህል የሚደርሰው የጭነት መኪናው ከሚቆምበት ቦታ በአህያ ተጭኖ፣ በጋራው ጫፍ በኩል ዞሮ ነበር። ሦስት ቀን ይፈጃል። ሕፃናት በተራቡበት ዘመን ሦስት ቀን ብዙ ነው። እኔ ካርታዬን ዘረጋሁ፣ ክሬን አወጣሁ። ከወንዙ ወዲህ ማዶ ፊት ለፊት መኪና የሚገባበት ሜዳ አለ። ማከፋፈያው እዚያ ይሁን፤ የማዶ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ይምጣ፣ በዕለቱ ተቀብሎ ይመለስ። ወንዙ በካርታው ላይ የተቆራረጠች ሰማያዊ መስመር ናት፤ በጋ የምትደርቅ ማለት ነው፤ ዝናብ በቀረበት ዓመትማ በክረምትስ ምን ውሃ ይኖራታል አልኩ። ሦስቱን ቀን ወደ አንድ ቀን አወረድኩት። የተኩስ ዕቅድ ያሳካሁ ያህል ኮራሁ።

ጋሽ ሲሳይ ዕቅዱን አዩት። «እስቲ ማዶዎችን እንጠይቅ» ብቻ አሉ።

ሄድን። ትንሹ መኪናችን ያኔ ውሃ ቁርጭምጭሚት በማይደርስበት ወንዝ ውስጥ አልፎ በስተማዶ ያለውን፣ የጭነት መኪና የማይችለውን የጋሪ መንገድ ወጣ፤ ይህንንም ለዕቅዴ እንደ ምስክር ቆጠርኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትልቅ ግራር አለ፤ ሰዉ እዚያ ተሰብስቧል። የማሽላ ቂጣና ማር አቀረቡልን። በዚያ ዓመት ማሩን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም፤ በላሁ። ከዚያ ቆሜ ካርታውን አሳየኋቸው፤ በየትኛው ሜዳ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ተራ እንደሚሆን ነገርኳቸው። በወታደር ሥርዓት ቅርብ ያለው ቀበሌ ይቀድማል፤ ሜዳው ቶሎ እንዲለቀቅ። ማዶ መጨረሻ ነው፤ ከቀትር በኋላ። ስጨርስ «ጥያቄ?» አልኩ።

እርስ በርሳቸው በኽምጥኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ዝም አሉ። የቀበሌው ታላቅ ሽማግሌ አባ ደስታ የሚባሉ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ ሰው፣ ቀስ ብለው ተነሥተው «እግዜር ይስጥልን። መንግሥት ለእኛ ደክሟል» አሉ። ሌላው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አጨበጨብኩ።

ጋሽ ሲሳይ እንደ ልማዳቸው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ። ዞኑ ላይ ሌላ ስብሰባ ነበረብኝ። በሰው ፊት፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ መኪና ውስጥ እንዲገቡ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ክራቸውን አሰሩ፤ ገቡ። አብረን በሠራንበት ዘመን ለእኔ ትእዛዝ እንዲህ ቃል ሳይመልሱ የታዘዙት ያን ቀን ብቻ ነው። መኪናው ሲነሣ በስፖኪዮ አባ ደስታን አየኋቸው። በአቧራው ውስጥ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ከኋላችን ይሮጡ ነበር፤ ለዕድሜያቸው ሩጫ ነው። የሚሸኙኝ መሰለኝ። እጄን በመስኮት አውጥቼ አወዛወዝኩላቸው።

የሰኔው ክፍፍል ያለ ችግር አለፈ። እኔ ለበላዮቼ በኩራት ሪፖርት ላክሁ፤ ሌሎች ወረዳዎችም እንዲህ ያድርጉ የሚል ደብዳቤ መጣ። የሐምሌውን ራሴ ቆሜ ላስፈጽም ሄድኩ። ሰማዩ በእኛ ላይ ጥርት ያለ ነበር። ከሩቅ፣ በደጋው በኩል፣ ጥቁር ደመና ተከምሯል፤ ደጋው ዘነበለት ብዬ ደስ አለኝ። ቅርብ ያሉት ቀበሌዎች በተራቸው ይቀበላሉ፤ ስም ይጠራል፣ ጣት ቀለም ይነከራል፣ ጆንያ ይነሣል። የማዶ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ዳር ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ይነሣሉ፣ ወደ ደጋው ያያሉ፣ ይቀመጣሉ። እነሱ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ማንም ወደ እኔ አልመጣም። ተራቸው ሲደርስ ቀትር ካለፈ ሁለት ሰዓት ያህል ሆኖት ነበር።

ኪሮስ የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ገበሬ ነበረ። የራሱን ጆንያ ተሸክሞ ቀድሞ ተሻገረ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ጎረቤቱ ከሁለት አህዮቿ ጋር ወዲህ ቀርታ ነበርና ሊረዳት ተመለሰ። አሮጊቷን በጀርባው አድርጎ አሻገራት። ለአህዮቹ እንደ ገና ተመለሰ። ውሃው ከመታየቱ በፊት ተሰማ። በሕይወቴ ብዙ መድፍ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ከላይ ከደጋው የወረደው ደራሽ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ በጠባቡ አፍ ወጣ። ኪሮስ አህዮቹን እየጎተተ መሐል ላይ ነበር። ልብሴን እንደ ለበስኩ ወደ ወንዙ ሮጥኩ፤ ጋሽ ሲሳይ ከወገቤ ይዘው አስቀሩኝ። ባይዙኝ እኔም አልኖርም ነበር፤ እሱም አይተርፍም ነበር። አስከሬኑን በሦስተኛው ቀን ከታች አገኙት።

ለልቅሶው ጋሽ ሲሳይና እኔ በእግራችን ሄድን። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የኪሮስ ሚስት ዘነበች ፊቷን ቧጣ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። የሚሰድበኝ ሰው ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተመኘሁ። ማንም አልሰደበኝም። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ውሃ ሰጡኝ፣ ንፍሮ ሰጡኝ፣ «እግዜር ያመጣው ነው» አሉኝ። ሰዉ ገለል ሲል አባ ደስታን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ይህ ወንዝ ከቀትር በኋላ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

«ሕፃኑም ያውቃል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ልነግርዎ ተከተልኩዎት እኮ። እርስዎ እጅዎን አወዛወዙልኝ» አሉ።

ስንመለስ ጋሽ ሲሳይ መንገድ ላይ አስረዱኝ። እዚያ አገር ማዕዳቸውን የቀመሰ እንግዳ በሰው ፊት «ተሳስተሃል» አይባልም፤ ነውር ነው። ይልቁንም ጉባኤው ሲበተን አንድ ሽማግሌ ይከተለዋል፤ መንገድ ላይ ለብቻው ይነግረዋል። ስሕተቱ ይታረማል፣ እንግዳውም አይዋረድም። ጥበብ ነው፤ የሚቆም እንግዳ ሲኖር። እኔ በአክብሮታቸው ምክንያት ምንም አልሰማሁም፣ እነሱም በእኔ ፍጥነት ምክንያት ምንም ሳይነግሩኝ ቀሩ። ጋሽ ሲሳይ ተራራው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «እኔም አልገባም ማለት ነበረብኝ። ሰው ፊት ስለ ተቆጡኝ አኮረፍኩ፤ የሽማግሌ ኩርፊያ ሰው ገደለ» አሉ። ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን። ጄኔራል አያለቅስም የሚል ሰው ካለ ጄኔራል አያውቅም።

ግምገማው «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ዘጋው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ በእጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብበው አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና «ጄኔራል፣ ይህን ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ» አሉኝ። ነፍስ አባቴማ በወሩ ሰምተውት ነበር። በነሐሴ ሰቆጣ በሻደይ ጨዋታ ደመቀች፤ ማዶ ከበሮ አልተመታም አሉኝ። ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ሳያስሩ ዋሉ። ያን ዓመት ለሻደይ ከቤቴ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ የሠራሁት እንደ ተማሪ ነው። ማዶ ላይ መጋዘን አሠራን፤ እህሉ እንደ ድሮው በአህያ፣ በጋራው ዞሮ፣ ክረምት ሳይገባ ቀድሞ ይከተታል። ክንዴን ጆንያ ውስጥ መስደድ ተማርኩ፤ የእርጥብ እህል ሙቀት አሁንም ክንዴ ላይ አለ። መኪናውን ከመንደር ውጭ ማቆም ተማርኩ። ካርታ አልጣልኩም፤ ግን ከማንበቤ በፊት የአገሩን ሰው ከጎኔ አስቀምጣለሁ። ከስብሰባ በኋላ መቆየትም ተማርኩ። የጫማ ክር የለኝም፤ ቡትስ ትቼ ሰንደል ጫማ ነበር የማደርገው። ስለዚህ የበቅሎ መቀነቻ ማጥበቅ ሥራዬ ሆነ። በቅሎዋ ታዝባኛለች፤ ያን ዓመት መቀነቻው ሳይጠብቅባት የዋለችበት ቀን የለም።

ሠራም። ከወረዳው ከተማ ከጽጽቃ ወዲያ ባለ አንድ መንደር ጉድጓድ ልናስቆፍር ተስማምተን ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ገበሬ ሳር ሊያጭድ የመጣ መስሎ ተጠጋኝና ያ ቦታ የፍየል መሄጃ ነው፤ ከተቆፈረ በየዓመቱ ድብድብ ይነሣል አለኝ። ቦታውን ቀየርን። ሌላ ቦታ አንዲት ሴት ከቤቷ ደጃፍ ጠርታ የሰጠነው የማሽላ ዘር በዚያ አፈር እንደማይበቅል ነገረችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ በየቀበሌው የሚከተለኝ ሰው በዛ። ያ ጊዜ ከዕድሜዬ ሁሉ የምናፍቀው ጊዜ ነው። ጠዋት ከሰቆጣ ወጥተን፣ ከጋሽ ሲሳይ ጋር ፊትና ኋላ ሆነን፣ እሳቸው ስለ ድሮ የአንበጣ ዘመቻ እያወሩ፣ እኔ ስለ ምሥራቅ በረሃ እያወራሁ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ። ድካሙ ራሱ ይናፍቀኛል።

ማዶ ግን ማንም አልተከተለኝም። በዓመት ሦስቴ አራቴ እሄዳለሁ። ቂጣ ያቀርባሉ፤ እበላለሁ። እናገራለሁ፤ «እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። ሲበተኑ ግራሩ ሥር እቀመጣለሁ። አባ ደስታ አንዳንዴ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ፍየል ያወጉኛል፤ ስለ ሌላ ነገር አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ዘነበች በዚያ ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቄ የሄድኩበት ቀን አለ። ጋሽ ሲሳይን ስጠይቃቸው «አንዴ ተከትሎ የተመለሰ ሽማግሌ ሁለተኛ አይከተልም። ይታገሡ» አሉኝ። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ። በቀብራቸው ላይ ከየቀበሌው የመጣው ሰው የመቃብሩን ቦታ አጥለቀለቀው። የማዶም ሰዎች መጥተው ነበር፤ ለእኔ እጅ ነሥተው ሄዱ።

በአዲሱ ሚሊኒየም ዋዜማ ሰሞን፣ ለጡረታ የቀረኝ ጊዜ አጭር ሲሆን፣ ለማዶ ወንዝ የእግረኛ ድልድይ ተፈቀደ። በሽቦ የሚንጠለጠል፣ በክረምት ሰው የሚያሻግር። ይህ ድልድይ የእኔ ዕዳ ነበር፤ ሳልሠራው መሄድ አልፈለግሁም። ለሥራው የተመደበው መሐንዲስና እኔ ወንዙን ሁለት ቀን በእግር ዞርን፤ ገደሉ በጠበበበት ቦታ ላይ ተስማማን። ሽቦው አጭር ይሆናል፣ ድንጋዩ ጠንካራ ነው። ስሕተት ቢኖርበት ማን ሊነግረኝ እንደሚችል አሰብኩ፤ ሊነግሩኝ የሚችሉት ሰዎች ዝም የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ድልድዩ ቢወድቅ የሚወድቀው ከነሰው ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ግራሩ ሥር ተሰበሰብን። አባ ደስታ አርጅተዋል፤ የልጅ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ቂጣው መጣ። ቦታውን ተናገርኩ፤ «ጥያቄ» የሚለውን ቃል ግን ትቼዋለሁ፤ «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ደግሜ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ ሊያመሰግነኝ ብድግ አለ።

«እዚያ አይሆንም» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ዘነበች ነበረች። ቆማለች። ጉባኤው ውስጥ ሴት ስትናገር በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼ አላውቅም። «የጠበበበት ነው ውሃው የሚቆጣው። ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ሰዉን ይዞ ይሄዳል» አለች።

ሽማግሌው ዞሮ በቁጣ አያት። እንግዳ ነው፣ በልቷል፣ ነገሩ በኋላ ይነገረዋል አላት።

«በኋላ የለም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጄኔራል፣ ያን ጊዜ እርስዎን አክብረን ኪሮስን ቀበርነው። ዛሬ አላከብርዎትም።»

አባ ደስታን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ቀስ አድርገው ይነቀንቁ ነበር። እኔ ማዕረግ ሲሰጠኝ፣ ኒሻን ሲደረግልኝ ቆሜያለሁ፤ ያን ቀን ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፣ ሁለቱ በአንድ ላይ።

«የት ይሁን?» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሰዉ መሐል አልፋ፣ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረች። ተነሥቼ ተከተልኳት፤ መሐንዲሱም፣ ሽማግሌዎቹም ተከተሉን። ድልድዩ ዛሬ የቆመው እሷ ቆማ «እዚህ» ባለችበት ቦታ ነው።